ስለ ሽታ፥ ስለ ጢስና ስለ ገመና

ለሰው ከተሰጡት ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል አፍንጫን ያህል ተንቆ የኖረ የለም። ስለ ዓይን ገጣሚው ይገጥማል፤ ስለ ጆሮ መካሪው ይመክራል፤ ስለ ምላስ የተነገረው ምሳሌ ተቆጥሮ አያልቅም። አፍንጫ ግን ስሙ የሚነሣው ስለ መልክ ሲወራ ብቻ ነው እንጂ፥ ስለ ሥራው የሚያመሰግነው አይገኝም። ነገር ግን በር ሲዘጋ፥ መጋረጃ ሲጋረድና መብራት ሲጠፋ ዓይን ሥራውን ይተዋል፤ ነገሩ ሹክሹክታ ሲሆን ጆሮም ይደክማል፤ አፍንጫ ሥራውን የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰው ከሰው የሚሰውረው ነገር ሲኖረው፥ ከዓይን ቀጥሎ የሚፈራው የጎረቤትን አፍንጫ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል። ይኸውም፦ በቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ነገር ሽታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክል ሰው፥ ለጎረቤቱ ያሰበ ደግ ሰው ነው ወይስ ጎረቤቱን ያታለለ ሰው? የሚል ነው። ስለ ፍትሕና ስለ አገር ፍቅር መጻፍ ሲቻል ስለ ሽታ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ፍትሕን በየቀኑ አናገኘው ይሆናል፤ አየርን ግን በየደቂቃው ከአሥር ጊዜ በላይ እንስባለን። የምንስበውም አየር ሌላ ሰው የተነፈሰውን፥ ያጨሰውንና ያበሰለውን ጭምር ነው። እህልን በቁና፥ መሬትን በገመድ ተከፋፍለናል፤ አየርን የሚከፍል አጥር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በባሕር ማዶ ከተሞች ካናቢስ የተባለውን፥ ብዙ ሰው ሐሺሽ የሚለውን ተክል፥ በመኖሪያ ቤታቸው በቁም ሣጥን ውስጥ የሚያበቅሉ ሰዎች አሉ። ተክሉ ፀሐይ አያይም፤ ፀሐዩ አምፑል ነው። ነፋስም አያገኝም፤ ነፋሱ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ነው። አምፑሉ ይሞቃል፥ ቅጠሉም እርጥበት ያወጣል፤ ስለዚህ አየሩ ካልተለወጠ ተክሉ ይሻግታል። አየሩ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ተክሉ በሚያብብበት ጊዜ ሽታው ብርቱ ነውና ከሣጥኑ ወደ ክፍሉ፥ ከክፍሉ ወደ ደረጃው፥ ከደረጃውም ወደ ጎረቤት ይደርሳል። ለዚህ የተገኘው መላ ከሰል ነው። ማራገቢያው የሣጥኑን አየር በከሰል ውስጥ አሳልፎ ያስወጣዋል። ይህም ከሰል እንደ ምድጃችን ከሰል አይደለም፤ በብርቱ ሙቀትና በእንፋሎት የተሠራ ስለ ሆነ ውስጡ ዓይን በማያየው ቀዳዳ የተሞላ ነው። አንድ ግራም የሚሆነው፥ ማለት አንዲት ቁንጥር፥ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ሽታን የሚሸከሙት ደቃቅ ነገሮች በዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ አየሩ ግን ምንም እንዳላየ ምስክር ዝም ብሎ ይወጣል።

ከሰሉ ራሱ ጥፋት የለበትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮችን ከመርዝ ጋዝ ያዳነው ይኸው ዓይነት ከሰል ነበር፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1918 በአሜሪካ ሕዝቡ ለዚህ ከሰል መሥሪያ የሚሆን የኮክ ፍሬ ድንጋይ እየሰበሰበ ይሰጥ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በአባቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ባዘነበ ጊዜ ግን የእኛ ወታደር አብዛኛው እንዲህ ያለ መከላከያ አልነበረውም፤ የሰናፍጩ ጋዝ ደግሞ ቆዳን ጭምር የሚያቃጥል ስለ ሆነ የአፍንጫ መከላከያ ብቻውን ባላዳነው ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ከተናገሩት ነገር አንዱ ይህ ግፍ ነው። እንግዲህ አንዱ ከሰል በአንድ ስፍራ የወታደር ሕይወት ያድናል፤ በሌላ ስፍራ የሣጥን ምስጢር ይጠብቃል። ስለዚህ ፍርዳችን ወደ መሣሪያው ሳይሆን ወደ ሰውየው መሄድ አለበት።

ሰውየውንም ይህን ከሰል ለምን እንዳደረገ ብንጠይቀው ከሁለት አንዱን ይመልስልናል። አንደኛው፦ ጎረቤቴን ሽታው እንዳያስቸግረው ብዬ ነው ይላል። ሁለተኛው፦ ጎረቤቴ እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው ይላል፤ እውነቱን የሚናገር ከሆነ። በካናዳ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ አንድ ቤተ ሰብ እስከ 4 ተክል ድረስ እንዲያበቅል ፈቅዷል፤ ስለዚህ በዚያ አገር የመጀመሪያው መልስ የሚታመን መልስ ነው። በአገራችን ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 እንዲህ ያለውን ነገር ማምረትንም፥ መነገድንም፥ መጠቀምንም ስለሚከለክል ሁለተኛው መልስ ይበዛል።

በዚህ ጊዜ አንድ ብልህ ወጣት ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እንግዲያውስ ደግነትና ተንኮል በኬላ ላይ የሚለዋወጡ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። አንድ ሰው ያንኑ ሣጥን ተሸክሞ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ቢሻገር፥ ትናንት ትሑት ጎረቤት የነበረው ዛሬ አታላይ ይሆናል።» ይህ ነገር የማይናቅ ነገር ነው። እኔ ግን አልስማማበትም። በኬላው ላይ የሚለወጠው ሕጉና ቅጣቱ ነው፤ የማይለወጥ ነገርም አለ፤ ይኸውም ያ ሣጥን የሚያመጣውን ጣጣ ሳያውቅ የሚሸከም ሰው መኖሩ ነው። በካናዳም ቢሆን የሣጥኑ እርጥበት የጋራውን ግድግዳ አሻግቶ በማዶ የተኛውን የጎረቤት ሕፃን የሚያሳስለው ከሆነ፥ ሕግ የፈቀደለት ሰው በሕሊና ፊት ነፃ አይወጣም። በእኛም አገር ሕግ የጣሰው ሰው ያጠፋው ሕግ መጣሱን ብቻ አይደለም። ቀንና ሌሊት የሚነድድ አምፑልና የተጨናነቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለእሳት ቅርብ ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት ሰዎች የዚህን አደጋ ድርሻ ይካፈላሉ፥ መካፈላቸውን ግን የነገራቸው የለም። ሊነግራቸው የሚችለው ሽታው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ከሰሉ ዋጠው።

ሽታ መልእክተኛ ነው የምለው በዘይቤ አይደለም። በየከተማው ማድቤት በሲሊንደር የሚገባው ጋዝ በተፈጥሮው ይህን ያህል የሚሸት ነገር አይደለም፤ ያ የሚከረፋው ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፥ ኒው ለንደን በተባለች ስፍራ፥ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር ሽታ የሌለው ጋዝ እየፈሰሰ ማንም ሳያውቀው ተጠራቀመና ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት ሕግ ወጣ። እስቲ እነዚህን ሁለት ዓይነት ሰዎች ጎን ለጎን አቁመህ ተመልከታቸው። አንዱ ሽታ የሌለውን አደገኛ ነገር እንዲሸት አድርጎ ለማያውቀው ሰው ሕይወት ያስባል፤ ሌላው የሚሸተውን ነገር እንዳይሸት አድርጎ ከሚያውቀው ጎረቤት የማወቅ መብቱን ይወስዳል።

ስለ ተክሉ ሽታ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳልናገር አላልፍም። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ተርፒን የሚሏቸው ነገሮች አሉ፤ ለካናቢስ ሽታውን የሚሰጡት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ቡና ሲፈላ በገል ላይ የምናጨሰው፥ ካህኑም በጽና የሚያጥነው ዕጣን መዓዛውን የሚያገኘው ከዚያው ከተርፒን ወገን ነው። ቅዱስ ሽታና ርኩስ ሽታ የሚባል ነገር በፍጥረት ውስጥ ተለይቶ አልተቀመጠም፤ የሚለየው የሚታጠንለት ነገር ነው።

ተክሉም ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በቀድሞው በጌምድር ክፍለ ሀገር፥ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ ላሊበላ የተባለ ዋሻ አለ፤ ይህም ከላስታው ላሊበላ የተለየ ነው። በዚያ ዋሻ የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ከጥንታዊ የገብስና የሽምብራ ፍሬ ሌላ ከሸክላ የተሠራ የማጨሻ ጋያ አገኙ። ዕድሜው ሲመረመር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወደ 1320 ገደማ የሚደርስ ሆነ፤ በ1975 በታተመ ምርመራም በሸክላው ላይ የቀረው ዝቃጭ የካናቢስ መሆኑ ተገለጸ። የአጫሹን ስም፥ አገሩንና ሃይማኖቱን የሚነግረን የለም። ከሰው ተሸሽጎ ይሁን ወይም ከጓደኞቹ ጋራ እየተጫወተ ይሁን አይታወቅም። ጢሱ በዚያው ሌሊት በዋሻው አፍ ወጥቶ ጠፍቷል፤ ሸክላው ግን ከ600 ዓመት በላይ ነገሩን ይዞ ቆየ። አፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመነ መንግሥታቸው ትምባሆን በብርቱ ይከለክሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ክልከላ በወጣ ቁጥር የሚያጨስ ሰው ጢሱን የሚደብቅበት ጓዳ መፈለጉ አይቀርም። የአፍንጫና የጓዳ ክርክር የቆየ ነው ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ ሰው ነገርን መሰወር ሁልጊዜ ነውር ነው ብሎ አያምንም፤ እንዲያውም ገመናን መሸፈን ከጨዋነት ሥራዎች አንዱ ነው። ባልና ሚስት የተጣሉበትን ነገር ለጎረቤት የማያሰሙ፥ ቤታቸው ባዶ ሲሆን እሳት አንድደው ምጣድ ጥደው የጾሙ እንዳይመስሉ የሚያደርጉ፥ የልጃቸውን ድካም በአደባባይ የማያወሩ ሰዎች ይመሰገናሉ እንጂ አይነቀፉም። ይህ በጎ ልማድ ነው። የሌላውን ገመና የሚገልጥ ሰው ደግሞ ከሌባ ይቆጠራል። እንግዲህ ገመናውን የሚሸፍን ጨዋ ከሣጥኑ ባለቤት በምን ይለያል? ሁለቱም በር ዘግተዋል፤ ሁለቱም ሽታና ድምፅ እንዳይወጣ ጥረዋል።

እኔ የማየው ልዩነት ይህ ነው። ገመናውን የሸፈነ ሰው የሸፈነውን ነገር ሸክም የሚሸከመው ራሱ ነው። የተራበው እርሱ ነው፤ ያዘነው እርሱ ነው፤ ጎረቤቱ ባያውቅ ከጎረቤቱ የሚጎድል ነገር የለም። ሣጥኑን የደበቀው ሰው ግን የሸክሙን እኩሌታ ለማያውቁት ሰዎች አሸክሟል። እንግዲህ በተዘጋ በር ፊት ስንቆም የምንጠይቀው በሩ ለምን ተዘጋ ብለን ሳይሆን፥ በውስጥ ያለውን ጢስ የሚስበው ማን ነው ብለን ነው።

ይህም ጥያቄ ወደ ሩቅ አገር ቁም ሣጥን ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን ወደ ገዛ ቤታችን ይመጣል።

በደቡብ ጎንደር፥ በእስቴ አገር፥ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ያለው ገጠር ደጋ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ብርዱን ወደዚያ አገር ይልካል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ከብቱ ሳይቀር የሰው ትንፋሽ ይሻል። የባላገሩ ቤት መስኮት የሌለው ባለቤቱ ስላልሠለጠነ አይደለም፤ ብርድ አለ፥ ሌባ አለ፥ ጅብ አለ፤ በጋጣው በሬ፥ በመደቡ ላይ ልጅ ተኝቷል። ከከተማ የመጣ ጤና አስተማሪ ወይም ሌላ ጎብኚ «መስኮት ክፈቱ» ብሎ ሲገሥጽ ባላገሩ ዝም ብሎ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ጎብኚው እዚያ አያድርምና። ጢሱም ቢሆን ሥራ ነበረው። የሣሩን ክዳን ከብልና ከምስጥ ይጠብቃል፤ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን ዘር ነቀዝ እንዳይበላው ያደርጋል፤ ቅሉንና ጠፍሩን ያጠናክራል። የወተቱ ዕቃና የጠላው ጋን በወይራ ጢስ ካልታጠነ ወተቱም ጠላውም ጣዕም የለውም። የሣር ክዳን የሚተነፍስ ነገር ስለ ሆነ ጢሱ በዝግታ እየተጣራ በጣራው ይወጣል፤ በማለዳ ከኮረብታ ላይ ሆነህ ስታይ መንደሩ በሙሉ ገላውን እንደ ታጠበ ፈረስ ይጨሳል።

ያም ጢስ ለመንደሩ ወሬ ነጋሪ ነበር። ከአንድ ቤት ጣራ ጢስ ሳይታይ ከረፈደ፥ «ዛሬ ከእነ እማማ ቤት ጢስ አልወጣም፤ ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። ቡና የሚቆላ ቤት ሽታው ብቻውን ጎረቤቱን ይጠራል፤ ሽታው ከደረሰው ቤት ሰው ሳይጠሩ መጠጣት የሚያሳፍር ነው። አረቄ የሚወጣበት ቤት፥ ጌሾ የሚወቀጥበት ቤት፥ በግ የታረደበት ቤት በአፍንጫ ይታወቃል። በዚህ መንደር የከሰሉን ሣጥን የሚያመጣ ሰው ቢገኝ፥ ከሚደብቀው ነገር ይልቅ ሽታ አልባ መሆኑ ራሱ ያጋልጠዋል ብዬ አስባለሁ።

ነገር ግን ዘመን ተለወጠ፤ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፥ እሳት ቶሎ አይዘው፥ የባለቤቱንም ክብር ከፍ ያደርጋል፤ አንድ ጉድለት አለው፤ አይተነፍስም። በሣሩ መካከል ይወጣ የነበረው ጢስ አሁን ከቆርቆሮው ሥር ተንከባሎ ወደ ታች ይመለሳል። ምድጃው ግን ሦስቱ ጉልቻ ነው፤ ማገዶውም ዛፍ ስለ ጠፋ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። የኩበትን ጢስ የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ጊዜ አጠገቡ ይቀመጥ። እንጀራ የምትጋግረው ሴት ፊቷን ወደ ምጣዱ አድርጋ ብዙ ጊዜ ትቆያለች፤ አክንባሎውን ባነሣች ቁጥር እንፋሎቱና ጢሱ በአንድነት ፊቷን ይመታታል። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የምትስበውን ይስባል፤ ሳንባው ግን የእርሷን አያህልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 በመላው ዓለም ከቤት ውስጥ ጢስና ከመሰለው የአየር ብክለት የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ጦርነት ይህን ያህል ሲገድል ታሪክ ይጻፍለታል፤ ሐውልት ይቆምለታል። ጓዳ ሲገድል ግን «በሳል ሞተች» ተብሎ ለቅሶ ይደረስና ያበቃል።

እንግዲህ ያንን ጥያቄ አምጥተን በዚህ ቤት ደጃፍ እንትከለው። ጢሱን የሚስበው ማን ነው? ባልየው እርሻ ላይ ይውላል፤ ወይም እንግዳ ተቀብሎ በውጭኛው ክፍል ይቀመጣል። ቤቱ ሲሠራ ምሰሶው የት እንደሚቆም፥ በሩ ወዴት እንደሚዞር፥ ቆርቆሮው ስንት እንደሚሆን ከአናጢው ጋራ የተነጋገረው እርሱ ነው። ጓዳው የተሠራው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በተረፈው ጭቃና በተረፈው እንጨት ነው። መስኮት ይውጣለት ሲባልም የሚመጣው መልስ ምንድር ነው? «ገመናዬ ይታያል፤ ማን ምን እንደሚያበስል መንገደኛ ሁሉ ይይብኝን?» የሚል ነው። ቀደም ብዬ ያመሰገንሁት ገመናን መሸፈን እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል። የባልየው ገመና ተሸፈነ፤ የመሸፈኛውን ዋጋ የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት። ስለዚህ ይህ በር ከሣጥኑ በር ያለው ልዩነት እኛ ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ይህን ስል ባልየው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የሣጥኑ ባለቤት የሚያደርገውን ያውቃል፤ ይህኛው ግን ጢሱን ከልጅነቱ ጀምሮ ስላየው የቤት ዕቃ መስሎታል። አለማወቁ ኃጢአቱን ያቀልለታል፤ ሳሏን ግን አያቀልላትም።

አንበሳ አውሬዎችን ሰብስቦ «አፌ ይሸታልን?» ብሎ የጠየቀበትን ተረት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሸታል ያለው ተበላ፤ አይሸትም ያለውም ዋሸኸኝ ተብሎ ተበላ፤ ቀበሮ ግን «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ዳነች። ሕፃናት የቀበሮን ብልሃት እያደነቁ ያድጋሉ። እኔ ግን ይህ ተረት በመንደራችን ብዙ ጉዳት ያደረሰ ይመስለኛል። ሁሉ ያሸተውን ነገር ሁሉም ጉንፋን ይዞኛል እያለ ያልፈዋል። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ሽታ አሽትቶ፥ «የሰው ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋል። የምትጋግረውም ሴት ሳሏ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቋት «ጉንፋን ነው» ትላለች። አንበሳ በሌለበት ቦታ እንኳ የቀበሮን መልስ መስጠት ለምደናል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ የራሳችሁ ሣጥን አላችሁ። ከእስቴም ሆነ ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ለትምህርት ሄዶ ክፍል የተከራየ ወጣት፥ ከጓደኞቹ ጋራ በሩን ዘግቶ፥ በበሩ ሥር ፎጣ ጠቅጥቆ፥ ጫት ሲቅምና ሲጋራ ሲያጨስ ውሎ፥ ሲመሽ ዕጣን ያጨሳል ወይም ሽቶ ይረጫል። አከራይቱ እትዬ ሲገቡ ሦስቱም ሽታ በአንድነት ይቀበላቸዋል። እርሳቸውም የቀበሮዋን መልስ ይሰጣሉ፤ ኪራይ ነውና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ትምባሆ ማጨስን ከልክሏል፤ ወደ ተከራየኸው ክፍል ግን ገብቶ አይፈትሽህም። እዚያ የሚፈትሽህ አንድ ሰው ብቻ ነው። እርሱም የማያጨሰው የክፍል ጓደኛህ ነው፤ ኪራዩን እኩል ከፍሎ፥ አየሩን ግን እኩል ያላገኘው። ያ ልጅ ዝም ያለው ስለ ፈቀደ ነው ወይስ ብቻውን እንዳይቀር ስለ ፈራ? ይህን ሳትጠይቀው በሩን ከዘጋህ፥ የዘጋኸው በእርሱ ላይ ነው።

ስለ ከሰሉ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሰል ሽታን ይውጣል እንጂ አያጠፋውም፤ ቀዳዳው ሁሉ ሲሞላ ይጠግባል፤ ያን ጊዜም ሽታው እንዳመጣጡ ያልፋል። ስለዚህ ባለቤቱ በየጊዜው አዲስ ከሰል መግዛት አለበት። ዕጣን የሚያጨሰውም ወጣት እንዲሁ ነው፤ ሽቶ የሚረጨውም እንዲሁ ነው። የሚበቃበት ቀን የለውም።

የጓዳው ጢስ ግን የሚበቃበት ቀን አለው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሩቁ ሣጥንና የእስቴው ጓዳ የሚገዙት በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፥ የሚወጣውም በታች በኩል ሌላ አየር ሲገባ ነው። ከምድጃው አናት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ክፍተት ቢተውና በትይዩው ግድግዳ ከመሬት ከፍ ብሎ አንዲት ቀዳዳ ብትከፈት ጢሱ መንገዱን ያገኛል። ከላይ ያለው ክፍተት ከሰው ቁመት በላይ ስለ ሆነ መንገደኛ አያይበትም፤ ገመናም አይገለጥበትም። እሳቱን ከብቦ ማገዶ የሚቆጥበው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃም አለ፤ የጢስ መውጫ ከተበጀለት ሸክሙን የበለጠ ያቀልላል። ማታ ብርዱ ሲመጣ ክፍተቱን በእራፊ ወይም በሰሌን መድፈን ይቻላል፤ ጋገራ በሌሊት አይደረግምና።

ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማገሩን አስሮ ምርጊት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቀን ያህል ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ ግድግዳው ገና ወንፊት ነው፤ ከየት በኩል ነፋስ እንደሚመጣ፥ ምድጃው የት ቢሆን ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ በቆሙበት ሆኖ ማየት ይቻላል። ሚስቱ ጭቃውን ስትረግጥ፥ ገለባውን ስትበትን ከዚያው ናት። ምጣዷን የት እንደምትጥድ፥ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር የምታውቀው እርሷ ናት፤ ጭቃው ሳይደርቅ መጠየቅ ይቻላል።